ሞሪዮሪዎችን ይዤ ወደ አንጋጫ

ይህን የጻፍኩት ሆሳዕና ተቀምጣችሁ አንጋጫን ሳታዩ ለምታረጁ ወገኖቼ ነው። ከእናንተ መካከል፣ «አንጋጫ እኮ እዚህ ናት፤ ለእሷ ደግሞ ምን ማስታወሻ ያስፈልጋል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በደረቅ ወር በመኪና ለሄደ እውነት ነው፣ እዚህ ናት። በመስከረም ጭቃ፣ በስልሳ ስምንት ዓመት ጉልበት፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ተሸክሞ ለሄደ ግን ሌላ አገር ናት።

ለማያውቀኝ ልናገር። ተክሌ እባላለሁ። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ሆሳዕና የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ገበያው አጠገብ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ደግሞ ከስፌት መኪናዬ መመሪያ ነው፤ ከዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ ስናገር ሰውን የማዘው ይመስላል። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ሲከራከሩኝ ዝም ብዬ እሰማና በሦስት ቃል እጥላቸዋለሁ።

ለዚህ ያበቃኝ አንድ መጽሐፍ ነው። አንዲት ፈረንጅ ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ለቀሚሷ እጥፋት ውለታ ብላ ሰጠችኝ። የዓለም እውቀት በሃያ ምናምን ጥራዝ ከተጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ አንዱ ጥራዝ ነው፤ ኤም በሚባለው የእንግሊዝ ፊደል የሚጀምረው ሁሉ አለበት። ስለ ማዳጋስካር፣ ስለ ማግኔት፣ ስለ ወባ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ በቅሎ (በእነሱ ቋንቋ በቅሎ በኤም ይጀምራል) ከእኔ የሚያውቅ በሀዲያና በከምባታ ምድር የለም። በሌላ ፊደል የሚጀምር ነገር አትጠይቁኝ። ከሁሉም የምወደው ግን የሞሪዮሪዎችን ታሪክ ነው። ይህ ጉዞ በእነሱ ስለተበላሸና በእነሱ ስለተቃና፣ አንባቢ ስማቸውን ከአሁኑ ይያዝልኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ለመስቀል አራት ቀን ሲቀረው አንድ የቅቤ ነጋዴ ከአንጋጫ መልእክት አመጣልኝ። የላከችው ወይዘሮ ማርታ ናት፤ የአቶ ሃንዲሶ ሚስት። ሃንዲሶ እኔው ዘንድ ስፌት ተምሮ አንጋጫ ገበያ መኪናውን የተከለ ሰው ነው። በአንጋጫ ቀጥ ያለ ስፌት ካያችሁ የእኔ እጅ እንዳለበት እወቁ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ «ጋሽ ተክሌ ቶሎ ይምጡልኝ። ባሌ ወይ ይገድላል ወይ ይሞታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃንዲሶና ጎረቤቱ ሎምቤሶ በአንድ ረድፍ እንሰት ድንበር ተጣልተው፣ ሎምቤሶ በመቆፈሪያ እጀታ የሃንዲሶን ግንባር ተረተረው። ሎምቤሶ ወዲያው ተጸጽቶ እንሰቱን መለሰ፤ ሦስት ጊዜም ሽማግሌ ላከ። ሃንዲሶ ሦስቱንም ጊዜ ከደጃፉ መለሳቸው። አሁን ደግሞ መሳላ ደርሷል፤ እኛ ጋ ያሆዴ የምንለው የመስቀል በዓል ነው። በዚያ አገር ሰው ቂም ይዞ የመሳላን ሥጋ አይበላም። ሁለቱ ጎረቤቶች ደግሞ ከሌሎች ዘጠኝ ቤቶች ጋር በአንድ በሬ ማኅበር ውስጥ ናቸው። እነሱ ካልታረቁ በሬው አይታረድም፤ በሬው ካልታረደ አሥራ አንድ ቤት በበዓል ጎመን ይበላል። ሃንዲሶ ግን ዓይኑ ቂሙ ላይ እንጂ በሬው ላይ አልነበረም። የሎምቤሶን እጀታ የሚያህል ዱላ ቆርጦ ከአልጋው ራስጌ አቁሟል።

እኔም የቀበሌ መሸኛዬን አወጣሁ፣ መጽሐፌን በጆንያ ጠቀለልኩ፣ ሽንብራ የጫነ መኪና ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ፣ «አባባ፣ ጆንያው ውስጥ ምን አለ?» አለኝ።

«ዓለም» አልኩት።

«ዓለም ከሆነማ የጭነት ይከፈልበታል» አለኝና ሳቀብኝ።

ከከተማ ስንወጣ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ጆንያዬን ፈትቶ መጽሐፉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ጓድ አባት፣ ይህ የእንግሊዝ መጽሐፍ ምንድነው? ፀረ አብዮት ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን ገጹን በቃሌ ስለማውቀው ገለጥ አድርጌ በየአደባባዩ ሥዕላቸው ከሚሰቀለው ከሦስቱ ጺማሞች አንደኛውን አሳየሁት፤ ስሙ በኤም ይጀምራል። ጠባቂው ሥዕሉን አየ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አየ፣ ጺሙን ከጺም አስተያየ፤ ከዚያ እጁን ወደ ኮፍያው ሰደደ። በዚህ አላበቃም፤ የተጠበሰ በቆሎ ሰጠኝና፣ «ደግሞ ሌላ ምን አለበት?» አለ። ሾፌሩ ጎማ እየነፋ ስለነበር የሞሪዮሪዎችን ነገርኩት።

ከኒውዚላንድ ወዲያ፣ ነፋስ በማያርፍበት ውቅያኖስ መካከል ቻተም የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ሞሪዮሪዎች የዚያ ሰዎች ናቸው። ብርዱ እህል አያበቅልም፤ የሚበሉት ዓሣና የባሕር ወፍ፣ የሚለብሱት የባሕር እንስሳ ቆዳ ነው። በደጃቸው ፍሬው መርዝ የሆነ ዛፍ ይተክላሉ፤ ፍሬውን አብስለውና በውኃ ዘፍዝፈው መርዙን አውጥተው ይበሉታል። እንሰት ፍቆና ቀብሮ ቆጮ የሚያደርግ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። በዛፎቹ ልጥ ላይ የአባቶቻቸውን መልክ ይቀርጻሉ። ከጥንት አንድ ታላቅ አባታቸው የእርስ በርስ እልቂት ሰልችቶት ሕግ አቆመ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሰውን አይግደል። የተጣላ በዱላ ይማታ፤ ዱላው ከአውራ ጣት አይወፍር። የመጀመሪያዋ የደም ጠብታ ስትታይ ጠቡ እዚያው ያልቃል። ይህን ሕግ ልጅ ለልጅ እያወረሱ ኖሩ።

«ከዚያስ?» አለ ጠባቂው።

«ከዚያ ከኒውዚላንድ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በመርከብ መጡባቸው። ጎልማሶቹ እንዋጋ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሕጉ ቃል ኪዳን ነው፣ ሊጠቅመን ሲል የምንይዘው ሳይጠቅመን ሲቀር የምንጥለው አይደለም ብለው ከለከሉ። መሬታችንን እናካፍላቸው አሉ። መጤዎቹ ገደሏቸው፣ የቀሩትን ባሪያ አደረጓቸው፣ እርስ በርስ እንዳይጋቡ፣ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ከለከሏቸው። በኋላ የመጨረሻው ሞሪዮሪ ሞተ። አለቁ።»

ጠባቂው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንዲሁ አለቁ?» አለ። «ሕዝብ እንዴት እንዲሁ ያልቃል?» ስንሄድም ከኋላችን ቆሞ ያይ ነበር። ታሪኩን እንደዚያ በሐዘን መዝጋት ለዓመታት የሠራሁበት ጥበቤ ነው።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። የሆሳዕና ጭቃ ጫማ ይይዛል፤ የዚያ መንገድ ጭቃ ግን ሰውየውን ራሱን ነው የሚይዘው። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ያዳነኝ በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት ወጣት አስተማሪ ነው፤ ቤቱ ወስዶ እግሬን አጠበኝ፣ የራሱን ጫማ ሰጠኝ፤ በሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ስለነበር ጋዜጣ ጠቀጠቅንበት። በእራት ቆጮ በጎመን አቀረበልኝ። ስስና ነጭ ነበር፤ ሆሳዕና የእኔ ቤት ከሚበላው ይሻላል ብዬ ብጽፍ ሚስቴ ስለምታነብበው ይቅር።

አስተማሪው መጽሐፌን እያገላበጠ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ስለ ሀዲያ ይላል?»

«ሀዲያ በኤች ነው፤ ሌላ ጥራዝ ነው።»

«ስለ ከምባታስ?»

«እሱ ኬ ነው።»

«ኢትዮጵያስ?»

«ኢ።»

«እንግዲህ ከእኛ በቀር ሁሉን ያውቃሉ ማለት ነው» አለና ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ሳቅኩ። በልቤ ግን አልሳቅኩም፤ ጎበዝ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ቀን

አንጋጫ በበቅሎ ገባሁ። በቅሎዋን ያከራየኝ ሰው ወደ ጎን እንዳትረግጠኝ ሲመክረኝ፣ ስለ በቅሎ አራት ገጽ እንዳነበብኩ ነገርኩት። ትንሽ እንደሄድን ረገጠችኝ። «አራቱን ገጽ እሷ አላነበበችም» አለ ሰውየው።

አንጋጫ ከሆሳዕና ትንሽ ናት፤ የአምበርቾ ተራራ ግን ከየትም ይታያል። ሆሳዕና ተራራ እንደሌላት በዚያ ቀን ነው ያስተዋልኩት። ወይዘሮ ማርታ ከበር ወጥታ እጄን ስማ አስገባችኝ። አተካና ቀረበልኝ፤ ቡላ በቅቤና በወተት የጠገበ ነው። ሆሳዕናም እንሠራዋለን፤ ማርታ ግን ቅቤውን ስታፈስ እጇ መቆም አያውቅም። ሃንዲሶ ግንባሩ ላይ ጠባሳው ጎልቶ፣ እንደ ልጅ ሆኖ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ የመጡበትን ጉዳይ ግን አያንሡብኝ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አንሥቼበታለሁ። ደጁ ላይ ካለው ዝግባ ሥር የማኅበሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ሎምቤሶ ከአጥሩ ወዲያ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔም ተነሥቼ የሞሪዮሪዎችን ታሪክ ተናገርኩ። እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም። የአውራ ጣቱን ዱላ በእጄ አሳየሁ፤ ስለ ደሙ ጠብታ ስናገር ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሃንዲሶ፣ ደምህ አንድ ጊዜ ፈሷል፤ በእነዚያ ሕግ ጠቡ በዚያው ደቂቃ አልቋል» አልኩ። እዚያ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት! ግን ታሪክ ካለ መጨረሻው አይቀርም፤ እንደ ልማዴ መርከቡን አመጣሁ፣ ባርነቱን አመጣሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የመጨረሻውም ሞተ፤ አለቁ» ብዬ ጨረስኩ።

ሃንዲሶ ብድግ አለ። «ሰማችሁ? ከጋሽ ተክሌ አፍ ሰማችሁ? ሕጋቸውን ጠብቀው አለቁ! ዛሬ ሎምቤሶን ብምረው ነገ ልጁ ይመታኛል፣ ከነገ ወዲያ እንሰቴን ይነቅላል፣ የመጨረሻው ሃንዲሶም ይሞታል። እኔ ሞሪዮሪ አይደለሁም!» ብሎ ቤቱ ገባ። ዱላውን ይዞ ወጣና ከበሩ ላይ አቆመው። ወደ አጥሩ ስንዞር ሎምቤሶ ሄዷል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትከሻዬን መታ አደረገኝና፣ «ጋሼ፣ ከእርስዎ በፊት ሊታረቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር» አለኝ። ቀልዱን ነው። ግማሹን ቀልዱን ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ያበላሸሁት ጨርቅ አንድ ሙሉ ልብስ አይሞላም፤ በዚያ ቀን ግን አሥራ አንድ ቤት አበላሸሁ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ማርታ ጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር። እኔ መጽሐፉን ይዤ እግሯ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ መጽሐፉን ወደ ጆንያው ልመልሰው ነበር እንጂ ላነበው አልነበረም። እሷ ግን እጇን ሳታቆም፣ «ጋሼ፣ ያንን መጨረሻውን እንዳለ ያንብቡልኝ» አለች።

«ሰምተሽዋል እኮ።»

«ከእርስዎ ሰምቻለሁ። ከመጽሐፉ አልሰማሁም። መሠረተ ትምህርት ላይ ምን አሉን? የተጻፈውን ከተነገረው ለይታችሁ እወቁ ብለውናል።»

እዚህ ላይ የምጽፈው ነገር ያሳፍረኛል፤ ግን ተጉዞ የተመለሰ ሰው ያየውን ሁሉ መጻፍ አለበት። ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። እንዲህ ይላል፤ ንጹሕ ደም የነበረው የመጨረሻው ሞሪዮሪ ሞተ፤ ልጆቹ በደሴቶቹ ላይ በግ ያረባሉ።

ማርታ መፋቂያዋን አቆመች። «ልጆቹ?»

«አዎ።»

«በግ ያረባሉ?»

«ይላል።»

«ታዲያ ትናንት በጎቹ የት ሄዱ?»

እውነቱን ነገርኳት። ታሪኩ በሞት ሲያልቅ ሰሚው ይተክዛል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል፤ በበግ ሲያልቅ ግን ያዛጋል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት በጎቹን ቆርጬ ጣልኳቸው፤ ልብስ ሰፊ ትርፉን ጨርቅ እንደሚቆርጥ። ከበጎቹ ጋር ልጆቹም አብረው ተቆረጡ።

«ደግሞ ንጹሕ ደም ማለት ምንድነው?» አለች።

«አባትም እናትም፣ አያትም ቅድመ አያትም ከሌላ ሳይደባለቁ…»

ማርታ መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ የእንሰቱ ግንድ ከጉልበቷ ሥር ተንሸራተተ። «ሃንዲሶ! ና እስቲ፣ ና! የጋሼ መጽሐፍ እንዳልተወለድን ይናገራል!»

ሃንዲሶ እየተነጫነጨ መጣ። እሷ በጣቶቿ ትቆጥር ጀመር። «እናቴ የሌሞ ሀዲያ፣ አባቴ ከምባታ። እኔ የለሁም። ያንተ አያት ወላይታ፣ እናትህ ጠምባሮ። አንተም የለህም። ልጆቻችንማ ጭራሽ! ጋሽ ተክሌስ፣ እርስዎ?»

«እናቴ የእዚሁ አገር ሰው ናት» አልኩ። ይህን ሆሳዕና ውስጥ ብዙ ጊዜ አልናገረውም ነበር።

«ኤጭ! እንግዲህ በዚህ ጓሮ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ትናንት ጋሼ ያን ሁሉ የተናገሩት ለባዶ ቤት ነው እንዴ?»

ሃንዲሶ ሊስቅ ሲል ያዘው። «በሕይወት ቢኖሩስ፣ መሬታቸውን ግን አጥተዋል» አለ። እውነቱን ነው፤ መጽሐፉም ይላል፤ ቆይቶ የዚያ አገር ፍርድ ቤት እንኳ መሬቱን ለመጤዎቹ ነው የፈረደው። እኔ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ካልተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ የምኮራው በዚያ ዝምታዬ ነው።

ማርታ ናት የመለሰችው። «የእነሱ ሕግ የተሠራው ለጎረቤት ነው። በጎረቤት መካከል ሳለ ስንት ትውልድ ሠራ! ያልሠራው ጠመንጃ ይዞ ከባሕር ማዶ ለመጣው ነው። ሎምቤሶ ከየት ነው የመጣብህ?»

ሃንዲሶ ወደ አጥሩ ተመለከተ። ከአጥሩ ወዲያ ከሎምቤሶ ሣር ቤት ጢስ ይወጣል፤ ከዚያ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ የተመላለሱበት መንገድ ይታያል፤ በጭቃው ላይ ዱካቸው እንዳለ ነው። ከዚያ ግንባሩን በአውራ ጣቱ እያሻሸ፣ «ሎምቤሶ መርከብ እንኳ የለውም» አለ። «ድልድይ ሲሻገር እንኳ ራሱን ያዞረዋል።»

ማርታ ፊቷን ወደ እንሰቱ መለሰች። እያለቀሰች መሆኑን ያወቅኩት መፋቂያዋ ከልክ በላይ ስለፈጠነ ነው።

አራተኛው ቀን

የበሬው ማኅበር በጠዋት ተሰበሰበ። የዚያ ሰፈር ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ ብዙ አይናገሩም፤ የተጣሉትን ሁለት ሰዎች የበሬውን ገመድ በአንድ ላይ ያስይዟቸውና ከበረት እስከ ማረጃው ያስነዷቸዋል። በሬ ደግሞ ሁለት ሰው እኩል ካልሳበው አይሄድም። ሃንዲሶና ሎምቤሶ መጀመሪያ ሳይተያዩ ጎተቱ፤ በሬው ወደ ጎመኑ ዞረ። ሎምቤሶ፣ «ያዝ አድርገው እንጂ!» አለ። ሃንዲሶ፣ «አንተ ነህ የለቀቅከው!» አለ። ከሁለት ወር ወዲህ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ከዚያ በሬው ሄደ።

ከማረጃው ስንደርስ ሃንዲሶ ከልብሱ ሥር አንድ ነገር አወጣ፤ ሎምቤሶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ልጡ የተላጠ፣ ከአውራ ጣት የማይወፍር ቀጭን አርጩሜ ነው። ከአልጋው ራስጌ የነበረውን ዱላ ሰንጥቆ ከእሱ ያወጣው ነው። ለሎምቤሶ ሰጠውና፣ «እንካ። ለሚመጣው ዓመት ጠብ። ልኩን ጋሽ ተክሌ ለክተውታል» አለው።

ሎምቤሶ አርጩሜውን በአውራ ጣቱ ላይ አስተኝቶ ለካው። ትንሽ ወፈረ ብሎ መለሰለት። አሥራ አንዱ ቤት ሁሉ ሳቀ፤ ክትፎውም ከሆሳዕናው የበለጠው ከዚህ የተነሣ እንጂ ከሥጋው እንዳይመስላችሁ።

መመለሻ

በማግስቱ በጭነት መኪና ተመለስኩ። የአስተማሪውን ጫማ ከማርታ በተላከ ቡላ ሞልቼ መለስኩለት። እሱም የጠፋችውን ጫማዬን ከጭቃ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ በምድጃው አጠገብ አድርቆ ነበር። በመጠን ትንሽ ቀንሳለች፤ ዛሬም ታጠብቀኛለች።

የመጽሐፌን ጠርዝ በሕይወቴ ጽፌበት አላውቅም ነበር፤ ዓለምን ማን ያርማል ብዬ። መኪናው ቆሞ በጎች ሲያሳልፍ ግን እርሳሴን አወጣሁና በሞሪዮሪዎቹ ዓረፍተ ነገር አጠገብ፣ «በጎቹን አትዝለል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም፣ «አንጋጫ፣ በወይዘሮ ማርታ» ብዬ ጨመርኩበት።

ኬላው ላይ ያው ጠባቂ ቆሟል። መሸኛዬን እንኳ አልጠየቀም። ወደ መኪናው ጭነት ቀና ብሎ፣ «ጓድ አባት፣ ያን ሕዝብ ሌሊቱን ሁሉ አሰብኩት» አለ። «እንዲያው አንድ ሰው እንኳ አልተረፈም?»

መኪናው ሊነሣ ነበር። የመኪናውን ጣሪያ በቡጢ መትቼ ሾፌሩን አስቆምኩት፤ ወረድኩ፤ ጆንያዬን ፈታሁ።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ከበጎቹ እጀምርልሃለሁ።»